ከፋዲላ ሳህን የሚበላው

በሬም ይሁን ሰው፣ በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ከእኔ ከኑርሃን በላይ የሚያደልብ ካለ ይምጣና ይሞግተኝ። አባባ ዳልቻውን በሬ ሲገዛው የጎድን አጥንቱ ከሩቅ ይቆጠር ነበር። እኔ ያዝኩት። ለአረፋ ሊሸጥ ሲል ወደ ጀውሃ የሚወርዱ ሾፌሮች እንኳ መኪና አቁመው ያዩት ነበር። ትምህርቱን አራተኛ ክፍል ላይ ትቼዋለሁ፤ ማደለቡን ግን ማን ሊያስተወኝ!

ስለዚህ እህቴ ፋዲላ ከአረብ አገር ከስታ ስትመጣ፣ "ለእኔ ተዉልኝ" አልኩ።

እናታችን ከሞተች ወዲህ የቤቱ አዛዥ አክስቴ መሪያም ናቸው። ፋዲላ ምግብ ፊት ስትቀመጥ በድንገት ዘወር ትልና "አቤት ማዳም!" ትላለች። የጠራት የለም። አክስቴ አንድ ቀን ይህን ሰሙና ፊታቸው ተለወጠ።

"ጂን ተከትሏት መጥቷል። አጥንት የጂን ሲሳይ ነው፤ ስጋም እንቁላልም ወተትም አታቅርቢላት። ጥራጥሬ ደግሞ ሆዷን ይነፋዋል።"

"ታዲያ ምን ትብላ?"

"ገንፎ በቅቤ። ማር። ሩዝ። አንቺ አይደለሽ እንዴ አደላቢዋ?"

ጠዋት ገንፎ፣ ቀን ሩዝ፣ ማታ ደግሞ ገንፎ አስከተልኩ። ፋዲላ በቃኝ አትልም፤ ማዳሟ ቆማ የምታያት ይመስል ሳህኑን ጠርጋ ትበላለች። ጉንጯ ሞላ። ሆዷ ወጣ። ጎረቤት መጥቶ "ማሻአላህ!" ሲል የምኮራው እኔ ነኝ።

ክንዷ ግን አልሞላም። ከተቀመጠችበት ስትነሳ ከጎኗ የተደረደረውን ጆንያ ሙጭጭ አድርጋ ይዛ ነው፣ ያውም ጉልበቷ እየተንቀጠቀጠ። በዚህ ቆላ፣ ውሻ እንኳ ጥላ ፍለጋ መኪና ስር በሚገባበት ቀትር፣ እሷ ጋቢ ተከናንባ "ብርድ ነው" ትላለች። አንድ ቀን እግሯን ሳሻት አውራ ጣቴ ያረፈበት ቦታ እንደ ሊጥ ጎድጉዶ ቀረ። እያየሁት አልሞላ አለ። "አዑዙ ቢላህ!" ብዬ እጄን ነጠቅኩ።

ፋዲላ አልደነገጠችም። "የምበላውን እኮ ሌላ ነው የሚበላው" አለችኝ ቀስ ብላ። "እዚህ ከጎኔ ተቀምጦ። አንቺ አይታይሽም?"

አልታየኝም። ከዚያ ወዲያ ግን ሳህን ሳቀርብላት ከጎኗ ያለውን ባዶ ቦታ ዞሬ ነው የማልፈው።

አክስቴ ወሰኑ። "ማጀቴ ከተማ ጂን የሚያስወጣ ሰው አለ። አረፋ ይለፍና እንወስዳታለን።" ሰውየው በምን እንደሚያስወጣ አውቃለሁ። ከእሱ ዘንድ የተመለሰች የሰፈራችንን ልጅ ጀርባ አይቻለሁ፤ በዱላ ነው። ፋዲላ በዚያ ጉልበቷ ያንን ዱላ አትችለውም፤ ትሞትብኛለች። ስለዚህ ማንንም ሳላስፈቅድ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነርሷን ሲስተር ሔለንን ቤት ድረስ ጠራኋት።

ሲስተር የፋዲላን እግር ተጭና አየች፣ እጇንም "ጨብጪኝ" አለቻት። አጨባበጧ የሕፃን ነበር። ለደም ምርመራ ቀጠረቻትና ወደ ግቢው ወጣን። እኔ አፌ አያርፍም፤

"ሲስተር፣ የእኔ ጥፋት እንዳይመስልሽ። ካላመንሽኝ በሬዬን እይው!"

ዳልቻውን ዞራ አየችው። "ምን እያበላሽው ነው?"

"ድርቆሽ፣ ፉርሽካ፣ ፋጉሎ።"

"ፋጉሎው ቢቀርስ?"

ሳቅኩባት። የከተማ ልጅ አታውቅማ! "ፋጉሎ ማለት ኑግ ተጨምቆ የሚቀረው ነው። ያለ እሱማ ሆዱ ብቻ ነው የሚነፋው፤ ሞራ እንጂ ስጋ አይዝም።"

ሲስተር አልሳቀችም። "የፋዲላ ፋጉሎስ የት አለ?"

ዞር ብዬ የበሬውን ገንዳ አየሁ።

"ትምህርት ቤት ገንቢ ምግብ ሲሉሽ አልሰማሽም?" አለችኝ። "እንቁላል፣ ወተት፣ ጥራጥሬ። ሰው ከልኩ በላይ ቢበላም ገንቢው ከጎደለ ትርፉ ስብ ብቻ ነው የሚሆነው፤ ጡንቻው እንዲያውም ይቀንሳል። ገንቢው ሲኖር ከትርፉ ስጋም ይሠራል፣ ሰውነትም የተወሰነውን እያቃጠለ ይሞቃል።"

"ጂኑስ?"

"ጂኑን አላውቅም። ጉልበቷን ግን አይቻለሁ። ጥራጥሬ የላችሁም?"

ፋዲላ የምትደገፈው ጆንያ ሁሉ ማሾ ነበር! ዘርተን፣ አጭደን፣ ለነጋዴ የምንጭነው ማሾ። እኛ ቤት ማሾ የሚሸጥ እንጂ የሚበላ እህል ነው ብሎ ያሰበ ሰው የለም።

ድስቱን ስጥድ አክስቴ ጮኹ። "ጂኑን ልትቀልቢው ነው?"

"ይብላ! ለሁለት ይበቃል" አልኳቸው። ያን ቀን ሁለት ሳህን አቀረብኩ። አንዱን ባዶው ቦታ ፊት አኖርኩት። ፋዲላ የራሷን ጨርሳ እሱንም ሳብ አደረገችው።

ማሾ ወጥ፣ እንቁላል፣ ወተት። ለጊዜው ምንም ለውጥ የለም። አክስቴም "አላልኩሽም?" ማለታቸውን አልተዉም። አንድ ቀትር ላይ ግን ፋዲላ ጋቢውን ወረወረችው። ግንባሯ በላብ ረጥቧል።

"ሞቀኝ" አለች።

አረፋ አለፈ፤ ዳልቻውም ተሸጠ። አክስቴ ግን ሐሳባቸውን አልለወጡም። በማግስቱ ጠዋት ወደ መናኸሪያ የሚወስደን ባጃጅ በር ላይ ቆሞ ጡሩንባውን ነፋ። አክስቴ ሊደግፏት እጃቸውን ሲዘረጉ ፋዲላ ድንገት ዘወር አለች።

"አቤት ማዳም!"

ለካ አልለቀቃትም! ዓይኗ ባዶው ቦታ ላይ ተተክሏል። ቀስ ብላ ተነሳች። ጆንያውን አልያዘችም። እኔንም አልያዘችኝም። በገዛ እግሯ ደጃፉ ድረስ ሄዳ፣ "አልመጣም" አለች። ለባጃጁ ይሁን፣ ለማዳሟ ይሁን፣ ለሌላው ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ባጃጁ ግን ባዶውን ሄደ። አክስቴ "ያ አላህ!" ብለው መደቡ ላይ ዘጭ አሉ።

እኔማ አፌ መች ይታሰራል! "አላልኳችሁም? በሬም ይሁን ሰው፣ በሸዋ ሮቢት ከእኔ በላይ የሚያደልብ—"

"ዝም በይ አንቺ!" አለችኝ ፋዲላ። "በሬሽ ብሆን ኖሮ ገና ዱሮ ነበር የምነሳው።"