ደረቁ ጥግ

የማርቲ ጫማ ጭቃው ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ። ባፈና ጎንበስ ብሎ መንጭቆ አወጣላትና በእንሰት ቅጠል ጠረገላት።

"የቦንጋ ክረምት እንግዳ ሲወድ እንዲህ ነው፤ ቶሎ አይለቅም" አላት።

ማርቲ ሳቀች። ከማኅበራዊ ጉዳይ የመጣች ወጣት ባለሙያ ናት፤ የጣራ ቆርቆሮ የሚሰጣቸውን ችግረኞች ትለያለች። ባፈና የሰፈሩ ዕድር ዳኛ ስለሆነ መንገድ ይመራታል። ቆርቆሮው ዛሬ ቤታቸውን ለሚያዩላቸው አሮጊት፣ ለእትዬ አስካለማርያም፣ እንዲደርስ ጧት በጸሎቱ ሳይቀር አንስቷቸዋል። አምናም "አርጅተዋል፣ አቅም የላቸውም" ብሎ ከዕድሩ መዋጮና ሥራ ነፃ ያስደረጋቸው እሱ ነው።

ቤታቸው ሲገቡ ጣራው እዚህም እዚያም ያፈሳል። አልጋው ላይ ሳፋ ተደቅኖ ፍሳሹ ጠብ፣ ጠብ ይልበታል። ማርቲ ታብሌቷን ከፈተች።

"እናቴ፣ ከሁሉ በላይ የሚጎድልዎት ምንድን ነው? ምግብ ነው? መድኃኒት?"

"ተመስገን፤ ጓሮዬ እንሰት አለ።"

"ያ ጥግ እኮ ደረቅ ነው። አልጋውን ለምን ወደዚያ አይስቡትም?" አለች ማርቲ እየጠቆመች።

ባፈናም አየ። በደረቁ ጥግ በገመድ የታሰረ ማገዶ ቆሟል፤ ጆንያ ለብሷል።

"እሱማ የዕድር እንጨት ነው" አሉ አሮጊቷ። "ለቅሶ ቤት እርጥብ እንጨት ይዤ ልሂድ? ሰው ለሟቹ ያልቅስ እንጂ በኔ ጭስ ያልቅስ?"

"እትዬ፣ እርስዎ ከእንጨቱም ነፃ ነዎት እኮ" አለ ባፈና።

"አውቃለሁ ልጄ።"

ይኼኔ ከታች ጡሩምባ ተነፋ። ጡሩምባ ነፊው ኢያሱ በየደጁ እየቆመ ባለቤቶቹን በስም ይጠራል። "የእነ ቀጸላ ቤት! አቶ ወልደ ማርያም አርፈዋል፣ ቀብር ውጡ!" እትዬ አስካለማርያም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተነሡ። ድምፁ አጥራቸው ዘንድ ሲደርስ ተቋረጠ፤ ጭቃ የሚረግጥ እግር ብቻ ተሰማ። ከዚያ ከሚቀጥለው ደጅ እንደገና ተነሣ። እሳቸውም ተመልሰው ተቀመጡ።

"ሁልጊዜ እዚች ጋ ሲደርስ ዝም ይላል" አሏት ማርቲን። "እኔ ራሴ የሞትኩ እየመሰለኝ እደነግጣለሁ።"

ባፈና ባርኔጣውን አወለቀ። መቅደስ ደጃፍ የቆመ ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ጌታ ሆይ" አለ። እሳቸው ከፍሳሹ ሥር እየተኙ ደረቁን ጥግ ለሰው ሐዘን ለቀዋል። እሱ ደግሞ ያዘነላቸው መስሎት ከሰው ተራ አውጥቷቸዋል። ፈጥኖ ወደ ደጅ ወጣ።

"ኢያሱ! ተመለስ፣ ይህን ቤት ጥራ!"

"ኧረ ጋሼ፣ እለፋቸው ያሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

"እኔ ነኝ። አሁን ጥራ የምልህም እኔ ነኝ!"

ኢያሱ ጉሮሮውን ጠረገ። "የእትዬ አስካለማርያም ቤት! አቶ ወልደ ማርያም አርፈዋል፣ ቀብር ውጡ!"

"ሰማሁ!" አሉ ከውስጥ፤ ድምፃቸው ጎረቤት ድረስ ተሰማ።

ማርቲ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። "ጣራውን መዝግቤዋለሁ" አለች ቀስ ብላ። "ይኼኛውን ጉድለት ግን የት ልጻፈው?"

እትዬ አስካለማርያም እንጨቱን አዝለው ወጡ። ባፈና ሊቀበላቸው እጁን ዘረጋ፤ መንገዱ ያንሸራትታል፣ ሸክሙም ለእርጅናቸው ይከብዳል። ከዚያ እጁን ሰበሰበና ገለል ብሎ አሳለፋቸው።