በጓንት የተቀየረ ዘይት

ልብስ ሰፊው ናፍጣ በሸተተው ቁጥር ሆዱ ይገለበጣል። ይህን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ከሁሉ አብልጣ የምታውቀው ግን ሚስቱ ናት፤ ለምን ቢሉ፣ ናፍጣ ናፍጣ የምትሸተው እሷ ናት።

ሴትየዋ ሾፌር ናት። «ሽማግሌው» ብላ የምትጠራው አሮጌ ባለ ናፍጣ ፎርዊል አላት፤ የከተማ መኪና ገና ሲያየው የሚመለስበትን ዳገትና ድንጋያማ መንገድ በእሱ እየወጣች ሰውና ዕቃ ታደርሳለች። ባልዬው ደግሞ የሙሽራ ልብስ ይሰፋል። የቤታቸው የፊት ክፍል ከወለል እስከ ጣሪያ ነጭ በነጭ ነው። አንዲት የጥቁር ዘይት አሻራ ሳቲን ላይ ካረፈች የወር ልፋት ገደል ገባ ማለት ነውና፣ በተጋቡ ሰሞን «እባክሽ የብቻሽ ፎጣ ይኑርሽ» ሲላት አልከፋትም። እውነቱን ነው። ከፎጣው ቀጥሎ የብቻ ሳሙና መጣ። ከሳሙናው ቀጥሎ በጓሮ በር መግባት መጣ። ቱታዋ ውጭ ሚስማር ላይ እንዲሰቀል ተደረገ። እያለ እያለ፣ ታጥባ፣ ተለቃልቃ፣ ሽቶ ተቀብታ እንኳ ትራሱን ስትነካበት ፊቱን ያጨፈግግ ጀመር። ትራስ የሙሽራ ልብስ አይደለም። ይህን የነገረው ሰው ግን አልነበረም። እሷም ዝም አለች፤ እሱም ዝምታዋን እንደ መስማማት ቆጠረው።

ይኸው ንጹሕ ሰው ነው እንግዲህ በዚህ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጓሮ ውስጥ የሽማግሌውን ኮፈን ከፍቶ የቆመው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሴትየዋ ከመኪናው ጣሪያ ላይ ዕቃ ስታወርድ ወድቃ የቀኝ እጇ አንጓ ተሰብሯል፤ እስከ ክርኗ ጄሶ ነው። ጄሶው በሚቀጥለው ሳምንት ይወልቃል። ነገ ጠዋት ግን ከተራራው ማዶ ካለው የድንጋይ ካባ አንድ ተቆጣጣሪ እዚሁ ደጃቸው ድረስ መጥቶ መኪናውን ያያል። ዘይቱ አዲስ፣ ፊልትሮው የተቀየረ፣ ሞተሩ ደረቅና ንጹሕ ከሆነ የካባውን ሠራተኞች የማመላለሱ ሥራ የእሷ ነው፤ ካልሆነ ሌላ መኪና ተራ ይዞ ይጠብቃል። ሥራው ከሰኞ እስከ ዓርብ እዚያው ማደር አለው። ልብስ ሰፊው ይህን ማደር አልወደደውም። «እዚያ ተራራ ላይ ምን አለኝ ብለሽ ነው?» አለ። ተከራከረ፤ አኮረፈ፤ ራት አልበላም አለ። እሷ ወይ ፍንክች!

ጋራዥ እንዳይወስዱት እሑድ ነው። ሥራ ቀን ቢሆንም እሷ አትወስደውም። አንድ መካኒክ የዘይት ማፍሰሻውን ብሎን አበላሽቶ ካስረከባት ወዲህ፣ ዘይት መቀየርም ሆነ ግራሶ መቀባት የራሷ ሥራ ነው፤ ማንንም አታስነካም።

«አንተ እጄ ትሆነኛለህ» አለችው። «እኔ አጠገብህ ተቀምጬ እነግርሃለሁ።»

እምቢ ቢል፣ ሥራው እንዲያመልጠኝ ፈልጎ ነው ትላለች። ፈልጎም ነበር። ስለዚህ እሺ አለ።

ዝግጅቱን ያየ ሰው ለቀዶ ጥገና የሚገባ ይመስለዋል። ሁለት ጓንት ደራርቦ፣ አፍና አፍንጫውን በሳቲን ቁራጭ አስሮ፣ ፀጉሩን በላስቲክ ከረጢት ሸፍኖ ብቅ አለ። ሚስቱ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ስታየው ሳቋ አመለጣት።

«እልል በሉ፣ ሙሽራው መጣ!»

«ሳቂ፣ ሳቂ። ከየት ልጀምር?»

«ከአየር ፊልትሮው። ያ ክቡ ጥቁር ጣሳ። መያዣዎቹን አላቅና ክዳኑን አንሳው።»

አነሳው። መኪናው ቆሞ በከረመበት ጊዜ አይጥ ቤት ሠርታበታለች። የስፖንጅ ፍርፋሪ፣ የወረቀት ብጣሽ፣ ከመቀመጫ የተነጨ ጥጥ፤ መሃሉ ላይ ደግሞ ከነጅራቷ የደረቀች አንዲት አይጥ። ልብስ ሰፊው ሰቀጠጠው። ክዳኑን ወርውሮ፣ የአፉን ሳቲን ገፍፎ ኪሱ እየከተተ አጥሩ ጥግ ሮጠና ምሳውን በሙሉ መለሰው።

«ሞታለች እኮ! አትነክስህም» አለች ሚስቱ። ቀጥላም ለዘብ ብላ «ውሃ ጠጣና ተመለስ፤ ከዚህ የባሰ የለም» አለችው።

ዋሽታዋለች። የባሰው ገና ነው።

አይጧን በሁለት እንጨት አውጥቶ ጣላት፤ ጣሳውን አራግፎ አዲሱን ፊልትሮ ከተተ። ከዚያ ናፍጣው ውስጥ ውሃ መኖር አለመኖሩን ለማየት ከናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለችውን ትንሽ መክፈቻ አላልቶ ብርጭቆ ደቀነ። ከታች ውሃ፣ ከላይ ናፍጣ፣ በመካከላቸው ንፍጥ የመሰለ ቡናማ ነገር ተጠራቀመ። ክንዱን የቻለውን ያህል አርቆ ዘርግቶ አመጣላት። እሷ በግራ እጇ ተቀበለችና ወደ ፀሐይ አነሳችው። ጉልበቶቿ መካከል አጣብቃ ጣቷን ነከረች፤ በአውራ ጣቷ አሸት አደረገችው፤ አሸተተችው። ፊቷ በራ።

«ውሃዋ ትንሽ ናት። ደህና ነው ሽማግሌዬ» አለች።

ልብስ ሰፊው አንገሸገሸው። ያቺ ጣት ድሮ ማታ ማታ ትከሻው ላይ ታርፍ የነበረች ጣት ናት። መቼ ማረፍ እንደተወች ሊያስታውስ ሞከረና አቃተው፤ ትዝ የሚለው ሽታው ብቻ ነው።

ዘይቱ ሳስ ብሎ እንዲወርድ ሞተሩን ጥቂት አስነስታ አሞቀችለት፤ አጠፋችው። ጎማዎቹ ሥር ታኮ አደረገና ካርቶን አንጥፎ በጀርባው እየተጎተተ ገባ። ብሎኑን ሲፈታው ዘይቱ ድንገት ዱብ አለ። የናፍጣ ሞተር ዘይት እንዴት እንደሚጠቁር ያላየ አያውቀውም፤ ሬንጅ ነው። ሞቅ ብሎ፣ ዝልግልግ ብሎ በጓንቱ አፍ ሾልኮ ክንዱን ተከትሎ ወረደ። ልብስ ሰፊው በሕይወቱ እንዲህ ተጸይፎ አያውቅም። ሲጸየፍ ደግሞ እንደ ልማዱ ተናደደ፤ ሲናደድ አንድ ሐሳብ መጣበት። ይህችን ብሎን ላላ አድርጎ ቢተዋት ማን ያውቃል? ነገ ጠዋት ተቆጣጣሪው ፊት ጠብ ጠብ ትላለች፤ ካባውም ይቀራል፤ ሴትዮዋም ቤቷ ትሆናለች።

ሐሳቡን አብላላው። ከዚያ «ተው አንተ ሰው» አለ ለራሱ፤ ዘይቱ ወርዶ ሲያልቅ ብሎኑን መልሶ ጥርሱን ነክሶ አጠበቀው። በራሱም ኮራ። እንዲህ ያለ ባል የት ይገኛል?

«የዘይት ፊልትሮውን ፈታኸው?» አለች ሚስቱ ከበርጩማዋ ሆና።

«ፈታሁት። ጢም ብሎ ሞልቷል፣ ኧረ በስማም!»

«ጎበዝ። አሁን ስማኝ። ፊልትሮው የተቀመጠበትን ቦታ በጣትህ ዙሪያውን ዳስሰው። አሮጌው ጎሚኒ፣ ያ የላስቲክ ቀለበቱ፣ አንዳንዴ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል፤ ከጠቆረ ብረት ጋር ስለሚመሳሰል በዓይን አይለይም። ጓንትህን አውልቅ። በጣት ነው የሚታወቀው።»

ቀና ብሎ አየው። ጥቁር፣ እርጥብ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ነው፤ ከጠርዙ እየተንጠለጠለ ጠብ ይላል። ባዶ ጣቱን እዚያ ሲያስገባ ታየውና ጉሮሮው ድረስ አቅለሸለሸው። ከኪሱ የሳቲን ቁራጭ አወጣ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ከነጓንቱ አንዴ ዞር አደረገበት።

«ዳሰስከው?»

«እሺ፣ አዎ።»

አዲሱን ፊልትሮ እንደነገረችው በእጁ አጠበቀው፤ ወጥቶ አዲሱን ዘይት ሞላ። ዘይቱ ከጄሪካኑ ሲወርድ ማር ይመስል ነበር። «ይሄስ ያምራል» አለ፤ ሁለቱም ሳቁ። በዚህች ቅጽበት ያያቸው ሰው ደህና ባልና ሚስት ናቸው ይል ነበር።

«እኔ ላስነሳው፤ አንተ ተመልሰህ የሚንጠባጠብ ካለ እይልኝ» አለችው።

በግራ እጇ ቁልፉን አዞረች። ሽማግሌው ተንተፋተፈ፣ አጓራ፣ ተነሳ። ልብስ ሰፊው ደስ አለውና «ደረቅ ነው!» ብሎ ሊጮኽ አፉን ከፈተ። ዘይቱ እንደ ቧንቧ ውሃ ፏ ብሎ ፊቱ ላይ፣ አፉ ውስጥ፣ አንገቱ ሥር ወረደ። «አጥፊ! አጥፊው!» እያለ በክርኑ እየዳኸ ወጣ። እስክታጠፋው ድረስ ግማሹ ዘይት መሬት ላይ ነበር። ከፊሉም በሞተሩ ሆድና በማርሹ ላይ ተለቅልቋል።

ሚስቱ ወርዳ መሬቱን አየች። ከዚያ እሱን አየችው።

«ሆን ብለህ ነው» አለች። አልጮኸችም።

«እኔ? እናቴ ትሙት!»

«ከመጀመሪያው እንዳልሄድ ትፈልግ ነበር።»

«እፈልጋለሁ! አልዋሽሽም፣ ባትሄጂ ደስ ይለኛል። ግን አላበላሸሁም። ያልሽኝን ሁሉ አድርጌአለሁ!»

እየተፋ፣ እየተንገፈገፈ ተመልሶ ገባ። ፊልትሮውን ፈታው። በአዲሱ ጎሚኒ ላይ ሌላ ጎሚኒ ተደርቦ ተጣብቋል፤ ጠፍጣፋ፣ ደረቅ፣ ጥቁር። ንጹሕነቱ ከመረጋገጡ በላይ ምን ደስታ አለ? በጓንቱ ሁለት ጣቶች ጫፍ አንጠልጥሎ ይዞላት ወጣ።

«ይኸው፣ እይ! አሮጌው እላይ ቀርቶ ነው። አዲሱ በላዩ ገባ። ስህተት ነው እንጂ ተንኮል አይደለም!»

ተቀበለችው። መዳፏ ላይ አድርጋ ገለባበጠችው።

«ይሄ፣ ጣት ቢነካው ያመልጣል?» አለች።

እሱ የጓንቱን ጫፍ ወደ ላይ ሳበ።

«ጓንቱን አላወለቅክም።»

«በጨርቅ ጠርጌዋለሁ።»

«አውልቅ አልኩህ። አዎ፣ ዳሰስኩት አልከኝ።»

«ቀፈፈኛ!» አለ ድንገት። «ምን ላድርግ፣ ቀፈፈኝ! እዚያ ዝልግልግ ውስጥ ባዶ እጄን ላስገባ ነው? ሰው አይደለሁም?»

ሴትየዋ ጎሚኒውን በመዳፏ ጨበጠችው።

«ሆን ብለህ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አለች።

«ምን?»

«ሆን ብለህ ቢሆን፣ ትሄድብኛለች ብሎ ፈርቶ ነው እል ነበር። እሰድብህና ማታ ይወጣልኝ ነበር። አንተ ግን እኔ ስኖርበት የኖርኩትን ነገር አንዲት ጊዜ፣ ለእኔ ብለህ፣ በአንዲት ጣትህ መንካት አልቻልክም።» ጎሚኒውን በርጩማው ላይ አስቀመጠችው። «የቀፈፈህ ዘይቱ አይደለም።»

ባዶውን ጄሪካን በግራ እጇ አነሳች።

«የት ነው? ቆይ፣ እኔ ልሂድ!»

«ማደያው ክፍት ነው። እዚያ ያሉት ሰዎች መጥተው ያስተካክሉልኛል፤ ለነገ ይደርሳል።»

«አንቺ እኮ ማንንም አታስነኪም!»

«ከዛሬ ጀምሮ አስነካለሁ።» የጓሮውን በር በእግሯ ገፋ አደረገችው። «ካባው ላይ ቤት ይሰጣሉ። ቅዳሜና እሑድ እመጣለሁ ብዬህ ነበር። አልመጣም።»

ወጣች። ልብስ ሰፊው ሮጦ ሊደርስባት፣ ክንዷን ሊይዝ፣ ይቅርታ ሊላት ፈለገ፤ ከልቡ ፈለገ። ግን ዘይቱ ከአገጩ ወደ ደረቱ እየወረደ ነበር፤ በዚህ ፊት መንገድ ላይ መታየቱ ዘገነነው። ለአንድ አፍታ ብቻ ብሎ መጀመሪያ ጨርቅ ፈለገ። ጨርቁን አግኝቶ፣ ፊቱን ጠርጎ፣ አንገቱን ጠርጎ ወደ ደጅ ሲወጣ መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም።