አታሞው ላይ የተቀመጠ ብርጭቆ

ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውኃ ሲንቀጠቀጥ ዶኛ ኦብዱሊያ «አባታችን ሆይ»ን መሃል ላይ አቋረጡ። ሰማንያ ዓመታቸው ነው። ስድሳውን ዓመት የኖሩት በየለቅሶ ቤቱ እየዞሩ መቁጠሪያ በማስደገም ነው፤ ጸሎት ማቋረጥ የለመዱት ግን በዚህ ጥር ነው።

«መጣ እንዴ?» አሉ፣ መቁጠሪያውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው።

ሸራው ሥር የተቀመጠው ሃያ ምናምን ለቀስተኛ አንገቱን አስግጎ ብርጭቆውን ያያል። ውኃው አንዲት ትንሽ ክብ ሠራ። ክቧ ሰፋች፣ ጠፋች።

«ሄደ» አሉ ጎረቤቱ ዓሣ አጥማጅ ዶን ክሪስፑሎ።

«እንግዲያው የት ደርሰን ነበር?»

«የዕለት እንጀራችን ላይ።»

«እሱስ ባይዘለል ይሻላል» አሉና ቀጠሉ።

ሄርሚንያ ጥቁር ለብሳ ከፊት ተቀምጣለች። ከንፈሯ ይጸልያል፤ ዓይኗ ግን እንደ ሰዉ ሁሉ ብርጭቆው ላይ ነው። ታላቅ እህቷ ሌዮካዲያ ከተቀበረች አምስተኛ ቀኑ ነው። የመቁጠሪያው ጸሎት ዘጠኝ ቀን ይዘልቃል። እንደ ወጉ ቢሆን ሳሎን ውስጥ ነበር የሚደረገው፤ ነገር ግን በሦስቱ ነገሥታት፣ በሰብአ ሰገል በዓል ማግስት መሬት ከተናወጠች ወዲህ በዚህ በፖርቶ ሪኮ ደቡብ ዳርቻ ቤቱን አምኖ የሚገባ ሰው የለም። የአልሜንድሮ መንገድ ነዋሪ በሙሉ ግቢው ውስጥ ሸራ ወጥሮ ተጣጣፊ አልጋ ላይ ያድራል። መሬቷም በቀን ሦስት አራት ጊዜ ትጎበኘዋለች።

ስለዚህ መሠዊያው ያለው ማንጎው ሥር ነው፤ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ሻማ፣ የሟች ፎቶግራፍ፣ ለነፍሷ ጥም የተቀዳ አንድ ብርጭቆ ውኃ። ብርጭቆው የተቀመጠው ደግሞ በሌዮካዲያ አታሞ ላይ ነው።

ይህን ያደረገችው ሄርሚንያ ናት። በመጀመሪያው ቀን ዶን ክሪስፑሎ የራሳቸውን አታሞ በብብታቸው ሸጉጠው ቢመጡ ከበር መለሰቻቸው።

«ሄርሚንያ፣ ሌዮካዲያን እኮ ነው የምንሸኘው» አሏት። «ያለ አታሞ፣ ያለ ፕሌና ዘፈን እንዴት ትሸኛለች?»

«የሐዘን ቤት ነው ዶን ክሪስፑሎ። እናታችን ስትሞት ሬዲዮኑን ሳይቀር በጥቁር ጨርቅ ነው የሸፈንነው። ዘጠኙ ቀን እስኪወጣ በዚህ ግቢ አታሞ አይመታም።»

«እሷ ብትሰማሽ ምን ትልሽ ነበር?»

«እሷ አትሰማም።»

ከዚያ የእህቷን አታሞ አንሥታ ፊቱን ወደ ላይ አድርጋ መሠዊያው ላይ አኖረችው፤ ብርጭቆውን አስቀመጠችበት። ሌዮካዲያ ታየዋለች፣ እኛ ግን አንሰማውም አለች። ሰውም ሐዘን አዋቂ ናት ብሎ አመሰገናት። ለማንም ያልነገረችው ሌላ ምክንያት ግን ነበራት።

ያላሰበችው ነገር መጣ። የተወጠረ የፍየል ቆዳ የመሬትን ነገር ከእግር ቀድሞ ያውቃል። ወንበሩ ሳይንቀሳቀስ፣ ሻማው ሳይወዛወዝ፣ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውኃ ይንቀጠቀጣል። ለቀስተኛው በሁለተኛው ቀን ይህን ልብ አለ። ከዚያ ወዲያ የሟችን ፎቶግራፍ የሚያይ ጠፋ፤ ሁሉም ብርጭቆ ጠባቂ ሆነ። ሌዮካዲያ ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስታደፋፍርበት የኖረችው አታሞ እሷ ስትሞት የሰው ማስፈራሪያ ሆነ።

ሌዮካዲያ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ነበረች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለአምስት መቶ ልጅ ሩዝና ባቄላ ያማሰለ ክንድ ነበራት፤ አታሞ ሲይዝም ያው ክንድ ነው። ሰው ግን የወጥ ቤት ሥራዋን ሳይሆን አውሎ ነፋስ ደሴቲቱን የመታበትን ዓመት ነው የሚያወራላት። ያኔ መብራት ለስድስት ወር ጠፋ፤ ውኃ በቦቴ መኪና በሳምንት ሁለቴ ብቻ ይመጣ ነበር። ሰልፉ ከመንገዱ ጫፍ እስከ ባሕሩ ይደርሳል፤ ሰዉ ተርቦ፣ ተናድዶ፣ በባልዲ ሊፈነካከት ምንም አይቀረው። አንድ ቀን ሁለት ጎረምሶች ተራ ተነጣጥቀው አንገት ለአንገት ሲተናነቁ ሌዮካዲያ ባልዲዋን አስቀምጣ አታሞዋን አወጣች። ጣራቸው የተወሰደባቸው ዶን ክሪስፑሎ ከፊቷ ቆመው ነበር፤ በሳቸው ጀመረች።

«የክሪስፑሎ ጣራ ከቤቱ ተነሥቶ፣
ባሕር ገባ አሉኝ ማንኮራፋቱን ፈርቶ።»

ሰልፉ እርስ በርሱ ተያየ። በሰው መከራ ይቀለዳል ወይ? ዓሣ አጥማጁ ግን ባልዲያቸውን ደፍተው ተቀመጡበትና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሚስታቸው «እውነቷን ነው፣ እኔም አብሬው ልሄድ ነበር» አለች። ያን ጊዜ ሳቁ እስከ ባሕሩ ወረደ፤ ተናናቂዎቹም መተናነቁን ረሱት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ውኃ ሊቀዳ ሲመጣ ዛሬ በማን ትዘፍን ይሆን እያለ ነበር። ዶን ክሪስፑሎ ሁለተኛውን አታሞ፣ ሄርሚንያ እያጉረመረመች ሦስተኛውን ያዙ። ደፋር ሴት ነበረች። ሐዘኑን አታውቀውም እንዳይባል የራሷም ጣራ ሄዶ ነበር፤ እሱንም ዘፍናበታለች።

በስድስተኛው ቀን ለቀስተኛው አሥራ አምስት ሆነ፤ በሰባተኛው አሥራ አንድ። ሊያጽናኑ መጥተው ብርጭቆ እያዩ ልባቸው ሲርድ መዋሉ ሰለቻቸው። አንዳንዱ ወገቤን አለ፤ አንዳንዱ ዝም ብሎ ቀረ። ዶኛ ኦብዱሊያ ብቻ በየቀኑ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ክዳኑ የጎደጎደ ትልቅ የብስኩት ቆርቆሯቸውን ታቅፈው ይመጣሉ። ልያዝልዎት ቢሏቸው አይሰጡም።

በስምንተኛው ቀን ዶን ክሪስፑሎ ወንበር ሲያነሡ ሄርሚንያን ጠጋ ብለው፣ «ነገ የመጨረሻው ነው» አሏት። «ሰው የሚመጣ አይመስለኝም።»

«ለሌዮካዲያ ካልመጣ ለማን ሊመጣ ነው?»

«ለሌዮካዲያማ ይመጣል። ለብርጭቆ ግን አይመጣም። ወይ ውኃውን ወደ ሌላ ቦታ አንሺው፣ ወይ አታሞውን አስመቺው።»

«አታሞው አይነካም አልኩ።»

ዶን ክሪስፑሎ አዩዋት። ስልሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በስምንት ቀን ሰባ ስድስት መስላለች። «የሞተ ተጎዳ» አሉ ቀስ ብለው። «አንቺ ግን ምን ሆነሻል?»

የሆነችው ነገር ከአፏ አይወጣም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሬት መናወጥ በጀመረች ሰሞን ሌዮካዲያ አንድ ልማድ አወጣች። መሬቷ በተንቀጠቀጠች ቁጥር አታሞዋን ታነሣና ሦስት ጊዜ በመዳፏ ትመታለች። «እኛም አለን» ማለት ነው ትላለች። ምቱ ከግቢ ግቢ ይሰማል፤ ክሪስፑሎ ከራሳቸው ግቢ ይመልሳሉ፤ ሌላው ድስት ይመታል። ሰው ፍርሃቱ ሳይለቀውም ይስቃል። መቼም መሬትን የሚያህል ነገር ተሳድቦ መመለስ አይቻልም፤ ሌዮካዲያ ግን አለሁ ማለት ይቻላል ባይ ነበረች። ነውጡ በጀመረ በስድስተኛው ቀን ግን ሄርሚንያ አምስት ሌሊት ሙሉ ዓይኗን አልከደነችም፤ ራሷ ሊፈነዳ ደርሷል። እህቷ ሦስቱን ስትመታ ከአልጋዋ ተነሥታ፣ «በቃሽ!» አለቻት። «መሬቷም የምትንቀጠቀጠው ያንቺ ጩኸት ሰልችቷት ነው።»

ሌዮካዲያ አየቻት። ልትቀልድ አፏን ከፍታ ተወችው። «እሺ ሚንያ» አለችና አታሞውን ማንጎው ላይ ሰቀለችው። ከሰዓት በኋላ መሬቷ እንደገና ተንቀጠቀጠች፤ አታሞው ግን አልተመታም። ሌዮካዲያ ወጣ ብላ ቆይታ ሲመሻሽ ተመለሰች። ትንሽ ደክሞኛል አለች። ጋደም ባለችበት ልቧ ቆመ።

ሄርሚንያን የሚበላት ይህ ነው። እህቴን ያፈንኳት እኔ ነኝ፤ በመጨረሻዋ ቀን አንደበቷን ዘግቼ ሰደድኳት፤ አሁን በምን ዓይኔ አታሞዋን አስመታለሁ ትላለች። ዝምታውን ሰው ወግ አጥባቂነት ብሎ አደነቀላት፤ እሷ ራሷን እየቀጣችበት ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ዘጠኝ ሰው መጣ። ለለቀስተኛው የሚቀርበው ትኩስ ቸኮላታ ከመሠዊያው አጠገብ በከሰል ምድጃ ላይ ተጥዷል፤ አብሮት የሚበላው አይብ ተቆራርጧል። ዶኛ ኦብዱሊያ መቁጠሪያውን ጀምረው ከአምስቱ የጸሎት ክፍሎች ሦስተኛው ምሥጢር ላይ እንደደረሱ ውኃው ተንቀጠቀጠ። ይህኛው አልፎ አልሄደም። ጠረጴዛው ዘለለ፣ የማንጎው ቅጠል ተንሾካሾከ፣ ከወዲያ ማዶ ውሻ ጮኸ። ብርጭቆው ተገልብጦ ውኃው በሙሉ ቆዳው ላይ ፈሰሰ።

መሬቷ ጸጥ ስትል የሁሉም ዓይን ወደ ለመደበት ሄደ፤ እዚያ ግን የሚታይ ውኃ አልነበረም።

ሄርሚንያ አታሞውን አነሣችው። ቆዳው ውኃ ጠጥቶ ረግቧል። በጣቷ ጫን ብትለው ጎድጉዶ ቀረ።

«በሉ ለቅሶው ይቆይ» አሉ ዶን ክሪስፑሎ ከወንበራቸው ተነሥተው። «እንዲህ ረግቦ ከደረቀ ይጨማደዳል፣ ሁለተኛ ድምፅ አይሰጥም። እሳት ይፈልጋል። አሁኑኑ።»

ቸኮላታውን አወረዱላት። ሄርሚንያ ምድጃው አጠገብ በርከክ ብላ አታሞውን ከፍሙ በላይ ያዘች፤ አላስጠጋችውም፣ አላራቀችውም፤ ቀስ እያለች አዞረችው። ይህን ሁለቱም እህትማማቾች ከእናታቸው ነው የተማሩት። ቆዳው እንፋሎት አወጣ፤ የፍየል ሽታ ሸተተ። ቀስ በቀስ መልኩ ነጣ።

«መትተሽ እዪው» አሉ ክሪስፑሎ።

ሄርሚንያ ማዞሯን ቀጠለች።

«ካልመታሽው መድረሱ በምን ይታወቃል? ከተወጠረ በኋላ ከቆየ ይሰነጠቃል።»

«አልችልም» አለች ሄርሚንያ። ከዚያ ዘጠኝ ቀን ያፈነችው ወጣ፤ ሰው መኖሩንም ረሳችው። «እኔ ነኝ ያስቆምኳት። ጩኸትሽ ሰለቸን አልኳት። በሞተችበት ቀን መሬቷ ስትንቀጠቀጥ አልመታችም። አፏን ዘግቼው ነው የሞተችው።»

ዶኛ ኦብዱሊያ መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንቺ ልጅ፣ ያን ቀን ከሰዓት የት የሄደች መሰለሽ?»

ሄርሚንያ ቀና አለች።

«እኔ ዘንድ ነው የመጣችው። አታሞዋን ስላልሰማሁ የጎረቤት ልጅ ልኬ አስጠራኋት። እኔ፣ በሐዘን ቤት አታሞ ሲነሣ የምቆጣው ሴትዮ። መሬት ስትንቀጠቀጥ ጉልበቴ ይከዳኛል፤ የሷን ሦስት ምት ስሰማ ነበር የሚመለስልኝ። መጣች። ሚንያ ትተኛ ብዬ አታሞውን ሰቅዬዋለሁ፣ ደክሟታል አለችኝ። አልተቀየመችሽም። ከዚያ ይህን ወሰደች።» የብስኩት ቆርቆሮውን ከፍ አደረጉት። «መሬቷ እንደገና ስትንቀጠቀጥ ክዳኑን ሦስት ጊዜ መታችው። ያ ክንድ! እዪ እንዴት እንዳጎደጎደችው። ቆርቆሮዬን አበላሸሽው ብላት፣ ለእርስዎም ይዘፈንልዎታል ብላ በኔና በቆርቆሮዬ ስትዘፍንብኝ ቆየች። ለማንም አልተናገርኩም፤ አፈርኩ። የኔ ኃጢአት እሱ ነው። አንቺ ግን ሌዮካዲያን ዝም አሰኘሁ አትበይ። ሌዮካዲያን ዝም የሚያሰኝ ሰው አልተወለደም።»

ሄርሚንያ የጎደጎደውን ክዳን አየችው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ብስኩት እየወሰደችበት አላየችውም ነበር። ሦስት ቦታ ገብቷል፤ የእህቷ መዳፍ ያረፈበት ቦታ ነው። አለቀሰች። ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ አላለቀሰችም፤ ዶን ክሪስፑሎ እንባዋ ቆዳው ላይ እንዳይወርድ አታሞውን ትንሽ ከእጇ ገፋ አደረጉት፤ እንባ ጨው አለው።

«እንግዲህ መቁጠሪያው አላለቀም» አሉ ዶኛ ኦብዱሊያ መቁጠሪያቸውን መልሰው እያነሡ። «አልቅሰሽ ስትጨርሺ እሳቱ ዘንድ ሆነሽ ተከተይ። ለሟች የተጀመረ አይተውም።» እና አራተኛውን ምሥጢር አነሡ። «ጸጋ የሞላብሽ ማርያም ሆይ…»

ዘጠኙም ተቀበሏቸው። ሄርሚንያ አታሞውን እያዞረች ተቀበለች። ቆዳው ተወጥሯል፤ ጆሮዋን ስታስጠጋው ውስጡ ትንሽ ይዘምራል።

አምስተኛው ምሥጢር ላይ መሬቷ ተመልሳ መጣች። ዝቅ ብላ፣ ከእግር ሥር፣ ከባድ መኪና እንደሚያልፍ ሆና። ሰዉ ብርጭቆውን ፈለገ፤ ብርጭቆው ባዶውን ተጋድሟል። ስለዚህ ሁሉም የሄርሚንያን እጅ አየ።

ሄርሚንያ አታሞውን ደረቷ ላይ አስደግፋ በመዳፏ መታችው። አንድ። ሁለት። ሦስት።

ድምፁ ጠርቶ ወጣ። ከመንገዱ ማዶ ከአንዱ ግቢ ድስት መለሰ፤ ቀጥሎ ሌላ ድስት፤ ቀጥሎ ከወዲያ ከባሕሩ አቅጣጫ የመኪና ክላክስ። በበር በኩል ሰሞኑን የቀሩት ጎረቤቶች ወንበራቸውን እየጎተቱ ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ።

ዶኛ ኦብዱሊያ ጸሎቱን አላቋረጡም። በግራ እጃቸው መቁጠሪያውን እየገፉ፣ በቀኝ እጃቸው የቆርቆሮውን ክዳን ሦስት ጊዜ መቱ፤ ከዚያ እስከ አሜን ድረስ ተወጡት።

መቁጠሪያው ሲያልቅ ሄርሚንያ ብርጭቆውን አጥባ ውኃ ሞላችው። ወደ መሠዊያው ሄዳ ከሌዮካዲያ ፎቶግራፍ ጎን፣ ጨርቁ ላይ አስቀመጠችው። አታሞውን ግን መልሳ አላኖረችውም። በብብቷ ሸጉጣ፣ ሙቀቱ ገና እንዳለ፣ ለመጡት ሰዎች ወንበር ልታቀርብ ሄደች።