ቀይ ቀለም የተቀባችው ቁልፍ

የኮምፒውተሩን ድምፅ ማን ዘጋው?

ደጉ ከፋሽጋ እርሻዎች በተመለሰበት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የሎሪ አቧራ ከቅንድቡ ላይ ሳይራገፍ፣ በእናቱ አልጋ ራስጌ ካለው ጠረጴዛ ፊት ቆሞ ራሱን የጠየቀው ይህን ነበር። ስክሪኑ እንደተቆለፈ ነው። የሚከፍተውን ቃል ከእሱ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። ግን ከፊደሎቹ በላይ ያለችው ትንሽ መብራት ቀልታለች፤ ድምፁ ተዘግቷል ማለት ነው። እሱ ደግሞ ሰኞ ሲሄድ እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጎት ነበር የሄደው።

በዚያ ቤት የዚያ ዕቃ ድምፅ ቀላል ነገር አልነበረም። እህቱ ፀደይ ሊቢያ ናት። ዝዋራ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ሰው ቤት ትሠራለች። ስልኳን በረሃ ላይ ስለወሰዱባት፣ ሲቀናት በአሠሪዋ ልጅ ስልክ በስካይፕ ትደውላለች። መቼ እንደምትደውል እሷም አታውቀውም። ቤተሰቡ ከሚኖርባት ከሱዳኗ ከተማ ከገዳሪፍ የተነሳች ዕለት እናቷ ወለተ ማርያም ግቢው በር ላይ እጇን ይዛ አስምላታለች፦ «እኔ በሕይወት እያለሁ ባሕር ላይ አትወጪም።» ፀደይ በእመቤታችን ስም ማለች። ከዚያ ወዲህ በደወለች ቁጥር የእናቷ የመጀመሪያ ጥያቄ ተለውጦ አያውቅም።

«ባሕሩንስ?»

«ከሩቅ ነው የማየው እማዬ።»

«ከሩቅ ይታይሽ።»

አብረዋት የሄዱት ሁሉ አንድ በአንድ ተሳፍረዋል። አንዳንዶቹ ደርሰዋል፣ አንዳንዶቹ የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም። እሷን ያቆያት ያ መሐላ ብቻ ነው።

ደጉ ኮምፒውተሩን ይዞት የመጣው ሕንድ አገር፣ ፑኔ፣ አራት ዓመት ተምሮ ሲመለስ ነው። ከተመለሰ ሁለት ዓመት ቢሞላውም ልቡ ገና አልገባም። እዚያ ሳለ ገዳሪፍ ሌት ተቀን ትመጣበት ነበር፤ እዚህ ሲቀመጥ ደግሞ እግሩን ይበላዋል። ያን ሁሉ የተማርኩት የገበያ ሰው ሞባይል ልጠግን ነው ወይ ይላል። በአንድ ነገር ግን ይኮራ ነበር። እናቱ ፊደል አልቆጠረችም፤ የግቢው ልጆችም አንድ ቀን ገብተው ቢነካኩት የፀደይ ጥሪ አምልጧት ሳምንት ሙሉ አኩርፋለች። ስለዚህ ስክሪኑን ቆለፈው፤ ጥሪ ሲመጣ ግን ማንም ሳይነካው ራሱ እንዲያነሳ አዘጋጀው። ይጠራል፣ መስመሩ ይከፈታል፣ እናት በተቆለፈው ስክሪን ላይ ካለው የልጇ ፎቶ ጋር ታወራለች። ድምፁ ሲያንስባት እንድትጨምር አንዷን ቁልፍ በቀይ የጥፍር ቀለም ቀባላት። ሌላው ሁሉ ቢቆለፍም ድምፁ ይታዘዛል።

«እናንተ የተማራችሁት በር ዘግቶ በመስኮት ማውራት ነው?» ብላ ስቃበት ነበር።

ቀዩ ግን ለመጨመር ብቻ ነው። መዝጊያውን አላሳያትም።

ይህን ሲያስብ እናቱ ከውጭ ገባች። ነጠላዋን አዘቅዝቃዋለች። ሲገባ በግቢው መሃል፣ ከሣር ዳሱ፣ ከራኩባው ጥላ ሥር፣ ሴቶች ተደርድረው ተቀምጠው እንደነበር ያኔ ነው ልብ ያለው።

«መጣህ? አንተዬ፣ አቧራው ወፍጮ ቤት ያደርክ አስመስሎሃል። ማሚቱን ደረስካት?»

ማሚቱ ግድግዳ የምትጋራቸው ጎረቤታቸው ናት፤ ከፀደይ ጋር አብረው ነው ያደጉት።

«ማሚቱ ምን ሆነች?»

«እናቷ አረፉ፣ አርማጭሆ። ወር አልፎታል እኮ! ሽማግሌዎቹ የሰሊጡ አጨዳ ጋብ ይበልላት ብለው ይዘውት፣ ማክሰኞ ንጋት ላይ መጥተው አረዷት። እስካሁን እኮ አልቀመሰችም፣ እህል በአፏ አልዞረም።»

ደጉ ዓይኑን ከቀይዋ መብራት አላነሳም።

«እማዬ፣ ይህን ማን ነካው?»

«እኔ ነኛ።»

«አንቺ? እንዴት አድርገሽ?»

«ምን እንዴት አለው? ቀዩ የሚጨምር ከሆነ ከጎኑ ያለው የሚቀንስ ነዋ። መብራቷ እስክትበራ ነካካሁት፣ ኸላስ፣ አለቀ። ይኼ ደግሞ ሕንድ መሄድ ያስፈልገዋል?» ፈገግ ልትል ስትል ለቅሶው ትዝ አላትና ከንፈሯን ሰበሰበች። «የዚህ ጥሪ እንደ ሰርግ ዘፈን ነው፣ ታውቀው የለ? ፀደይም ስትጀምር በሳቅ ነው። ማሚቱ ደረቷን እየደቃች ከእኔ ቤት ዘፈን ይውጣ? ነውር ነው! ሠልስቱ ሲወጣ እከፍተዋለሁ ብዬ ነው። ዛሬ ልከፍተው ነው የገባሁት። በል ደውላ እንደሆነ እይልኝ።»

ጥያቄው ተመለሰ። ደጉ ግን ወንበሩን ሳበ። የተዘጋው ድምፁ ነው፤ ዕቃው ጥሪ ማንሳቱን አልተወም። ከዚህ ወገን የሚነገረውንም ወዲያ ማሰማቱን አልተወም። ተቀምጦ የይለፍ ቃሉን ጻፈ። የጥሪዎቹን ዝርዝር ከፈተ።

ማክሰኞ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል። ፀደይ። ሰባት ደቂቃ።

ሰባት ደቂቃ ሙሉ ፀደይ ሰው የሌለበት ክፍል ውስጥ ስትጣራ ነበር። ክፍሉም አልሰማም፤ ከመስኮቱ ውጪ ያለውን የሴቶቹን ዋይታ ግን አንድም ሳያስቀር አቀብሏታል። ከጥሪው ሥር መልእክት አለ።

«ደጉ፣ ለምን ደበቅከኝ? ሰማሁ እኮ። እማዬን ጠራኋት፣ ጠራኋት፣ አልመለሰችልኝም። የማሚቱን ድምፅ ለይቼዋለሁ። እኛ ቤት ደጃፍ እንዲህ የምታለቅሰው ለእማዬ ካልሆነ ለማን ነው? ሰው አገር ብቻዋን ናት፣ መርዶ ነጋሪ እስክናገኝላት እንያዘው ብላችሁ ይሆናል። አልፈርድባችሁም። እንግዲህ መሐላዬም ከእሷ ጋር ሄደ። ነገ ማታ የሚነሳ ጀልባ አለ፣ ቦታ ይዣለሁ። አንተ አይዞህ።»

ነገ ያለችው ትናንት ነበር።

«ደውላለች እንዴ?» አለች እናቱ ከኋላው።

ደጉ ፑኔ ሳለ ይህን ወግ ለጓደኞቹ እንደ ተረት አውርቶላቸው ያውቃል። በእኛ ዘንድ የሞተብህን ሰው አገሩ ሁሉ አውቆ አንተ ብቻ ሳታውቅ ትሰነብታለህ፣ ሽማግሌዎች ሲያመቻቸው ጎህ ሳይቀድ መጥተው ይነግሩሃል ብሎ። ሰው የራሱን ሐዘን የማወቅ መብት አለው ብሎም ተከራክሯል። አሁን ዞሮ የእናቱን ፊት አየ። ሦስት ቀን ለሰው ሞት ያለቀሰ ፊት ነው፤ ዓይኖቿ አብጠዋል።

«አልደወለችም» አለ።

«እሰይ! እኔማ ያመለጠችኝ መስሎኝ ልቤ ስንት ጊዜ ወረደ።» ጎንበስ ብላ ቀዩን ቁልፍ በአውራ ጣቷ ተጭና ያዘችው። መብራቷ ጠፋች። ድምፁ እስከ መጨረሻው ሲወጣ ለቀቀችው። «ይኸው። ና በል፣ ፊትህን ታጠብና ማሚቱን እግዚአብሔር ያጥናሽ በላት።»

እናቱ ስትወጣ ደጉ የፀደይ አሠሪ ልጅ ስልክ ላይ ደወለ፤ ዝግ ነው። ደግሞ ደወለ። ከዚያ ጻፈ።

«ፀደይ፣ እማዬ አለች። የሞቱት የማሚቱ እናት ናቸው። እማዬ ለለቅሶው ክብር ብላ ድምፁን ዘግታው ነው ያልሰማችሽ። አሁን እዚህ አጠገቤ ቆማ ነበር። እኔ ፋሽጋ ነበርኩ፣ ኔትወርክ የለም። መሐላሽ እንዳለ ነው። አትሳፈሪ። ተሳፍረሽም ከሆነ፣ የደረስሽበት ሆነሽ አንድ ቃል ጻፊ።»

ላከው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስክሪኑን አልቆለፈውም። ልጆቹም ቢሆኑ አጠገቡ አልደረሱም፤ እናቱ በበትር ታባርራቸዋለች። አጨዳው አለቀ፣ የቀን ሠራተኞቹ ወደ መተማ ተመለሱ፣ ማሚቱም ጥቁሯን ለብሳ ገበያ መውጣት ጀመረች። ወለተ ማርያም ጠዋት ከጸሎቷ በፊት፣ ማታ ከመተኛቷ በፊት፣ ቀዩን ቁልፍ ትጫነዋለች። የጥፍር ቀለሙ በአውራ ጣቷ ተፍቆ አለቀ፤ ደጉ እንደገና ቀባላት። ከመልእክቱ ሥር አንድም ቃል አልተጨመረም።