የሻከረው መስታወት

አባትየው ዕድሜያቸውን የፈጁት መስታወት በማለስለስ ነው። ጣታቸው ሸካራ ነገር ካገኘ ዝም ብሎ አያልፍም። ያን ዕለት የልጃቸውን ሥራ ሊያዩ ወደ መሥሪያ ቤቷ ሲሄዱም ያንኑ ጣት ይዘው ነው የሄዱት።

ልጅቱ የኤል ኢ ዲ መብራት ትሠራለች። ብርሃን መብራቱ ውስጥ ካለች ትንሽ ፍሬ ይወለዳል፤ አብዛኛው ግን ከላይ የተጣበቀውን መስታወት ማለፍ አቅቶት ወደ ውስጥ ይመለስና ሙቀት ሆኖ ይቀራል ብላ አስረድታቸዋለች። የሷ ልፋት ኤሌክትሪክ ሳትጨምር ያን የታሰረ ብርሃን ማስወጣት ነው። ጠዋት በአለቃዋ ፊት የሚወጣውን ብርሃን ለካች፤ ከተራው መብራት በለጠ። አለቃዋ ግን ጥሩ ጥሩዋን ፍሬ መርጠሽ ነው ብሎ ሳቀባት። ከምሳ በኋላ ካላሳመነችው ሥራው ይቆማል፤ ጠረጴዛዋም ለሌላ ይሰጣል።

እሷ ለምሳ ስትወጣ አባትየው አልራበኝም ብለው ቀሩ። መስታወቱን ዳሰሱት። ሸካራ ነው። ልጄ ጥድፊያ ይዟት ሳትጨርሰው ቀረች ብለው አሰቡ። ጥግ ያለችውን ማለስለሻ ማሽን አስነሡና ውሃ እስኪመስል አለሰለሱላት።

አለቃው መጣ፤ መብራቱ በራ። መለኪያው ከጠዋቱ በጣም ወርዶ ቆመ።

«አላልኩሽም?» አለ አለቃው።

ልጅቱ መስታወቱን አየች፤ ቀጥላም አባቷን።

«አባዬ፣ ነካክተኸዋል?»

«አሳመርኩልሽ።»

የሻከረው ሆን ተብሎ መሆኑን፣ ለስላሳው ብርሃኑን ወደ ውስጥ ሲመልስ ሸካራው እንደሚያስወጣው ያን ጊዜ ነው የሰሙት። እጃቸውን የሚያስገቡበት ጠፋቸው። ቁጣዋን ጠበቁ። እሷ ግን መለኪያውን አየችና ወደ አለቃዋ ዞረች።

«ፍሬዋ የጠዋቷ ናት። ኤሌክትሪኩም ያው ነው። የተለወጠው መስታወቱ ብቻ ነው። አባዬ፣ እስቲ መልሰህ አሻክርልኝ።»

አባትየው ከማሽኑ አጠገብ ያለውን ሸካራ የመፈተጊያ ዱቄት በውሃ ለውሰው መስታወቱን ፈተጉት። በዚህ ዱቄት ሁልጊዜ ሥራ ይጀምሩበት ነበር እንጂ ጨርሰውበት አያውቁም። እጃቸው ወደ ለስላሳው ዱቄት ሊሄድ ሁለቴ ቃጣው፤ ከለከሉት።

መብራቱ እንደገና በራ። መለኪያው ወጣ፣ ወጣና የጠዋቱ ቦታ ላይ ቆመ። አለቃው ጎንበስ ብሎ መስታወቱን መረመረ፤ ቀና ሲል ሳቁ የለም። ጠረጴዛሽ ላይ ቆዪ፣ ከነገ ጀምሮ ሁሉም መብራት በሸካራ መስታወት ይሠራ ብሎ ወጣ።

አባትየው መብራቱን ሳይሆን ልጃቸውን ያዩ ነበር። እሳቸው ልባቸው ሲከዳቸው እሷ ታስብ ነበር። ከማን ወጣች ብለው ተገረሙ።

ሲነሡ ጣታቸውን በመስታወቱ ላይ አሳለፉ። ሸካራ ነው። እንዳለ ተዉት።