በሶስኖቭካ ሰው የለም

"'ቅር ብሎኛል' ምን ያደርጋል? 'በቁሜ ቀበሩኝ' ብለሽ ጻፊ እንጂ" አሉ እማማ ካፒቶሊና፣ ጭቃ የጠጣ ቦት ጫማቸውን ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ምድጃ እየዘረጉ።

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ሪማ ለወረዳው በሚላከው አቤቱታ ላይ እንደታዘዘችው ጻፈች።

ከሶስኖቭካ እስከዚህ በሩሲያው የኮስትሮማ ደን ውስጥ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ሶስኖቭካ እንጨት መሰንጠቂያው በሚሠራበት ዘመን መቶ ሃያ አባወራ የነበረባት መንደር ናት። መሰንጠቂያው ሲዘጋ ወጣቱ ወደ ከተማ፣ ሽማግሌው ወደ መቃብር ሄደና የሰማንያ አንድ ዓመቷ እማማ ካፒቶሊና ብቻቸውን ቀሩ። ማክሰኞ ማክሰኞ ዳቦና ስኳር ይዛ ትመጣላቸው የነበረችው የሱቅ መኪና ደግሞ ከቀረች ሦስት ሳምንቷ። ዛሬ ጆንያቸውን አዝለው በእግራቸው መጡ።

"ሹፌሩን ዛሬ እዚህ አግኝቼው 'ምነው ጠፋህ?' ብለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? 'በሕዝብ ቆጠራው እዚያ ሰው የለም፣ ዜሮ ነው።' እኔ ከነድመቴ ዜሮ።" ሳቁ። "የቱ ዕውር ይሆን የቆጠረን?"

ዕውሩ ማን እንደሆነ ሪማ ታውቃለች። ባለፈው ጥቅምት ቆጣሪ ሆና ተመልምላ ነበር። ወደ ሶስኖቭካ የሚያሻግረው ድልድይ ጋ ስትደርስ መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ጫማዋ ደግሞ አዲስ። "እሳቸውም ለብርዱ ልጃቸው ዘንድ ሳይሄዱ አይቀሩም" አለችና እዚያው ቆማ ዜሮ ጻፈች። ይኸው ነው። ተኩላ አላባረራት፣ ጎርፍ አልወሰዳት፤ ለጫማዋ ሳስታ ነው። አሁን እፍረቱ እስከ ጆሮዋ ጫፍ አቃጠላት።

"ቆጣሪዋ እናትሽ ብትሆን ኖሮ በእንብርክኳም ቢሆን ትመጣ ነበር" አሉ አሮጊቷ። "አንቺም የእሷ ልጅ ነሽ። ሌላ ሰው ማስጻፍ ያልፈለግሁት ለዚህ ነው።" ከጆንያቸው በክር የተሰካ ደረቅ እንጉዳይ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩላት። "ለሾርባሽ።"

ሪማ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ደብዳቤው ወረዳ ከደረሰ ይጣራል፣ ስሟም ይወጣል። ቤተ መጻሕፍቱን ለመዝጋት ሰበብ የሚፈልጉ ደግሞ ሞልተዋል። "በስህተት ተመዝግቦ" ብላ ብታልፈውስ? እማማ ካፒቶሊና እንደሆኑ ያለመነጽር አያነቡም፤ መነጽራቸውም ቤት ቀርቷል።

"አላለቀም እንዴ ልጄ?"

"አንድ መስመር ቀርቶኛል።"

ጻፈችና ቀና ሳትል አነበበችላቸው፤ "መንደሩን ሳላይ ዜሮ ብዬ የሞላሁት እኔ፣ ሪማ አርካዲዬቭና ቤሎጉዞቫ ነኝ።"

አሮጊቷ እግራቸውን ከምድጃው ሰበሰቡ።

"ምን ሆነሽ?"

"ጫማዬ እንዳይበላሽ ብዬ ነው፣ እማማ።"

አሮጊቷ እስክሪብቶውን ከእጇ ወሰዱ።

"የት ላይ ነው የምፈርመው?" አሉ።