የዳማው እግር

ጎረቤቴ ጃማ ደጄ ላይ ቆሞ፣ እንደ ልማዱ «አዴር»፣ አጎት፣ እያለ ተጣራ። ግባ ብለው አልገባም።

«አዴር አድማሱ፣ የዳማው ፈረሴ እግር አብጧል። ይምጡና ይዩልኝ።»

«የእንስሳት ሐኪሙስ?»

«ለክትባት ጉናጋዶ ወርዷል። ወጌሻው ዐብዲራሺድ እግሩን በእሳት የሚተኩስበትን ብረት ይዞ እየመጣ ነው። ከመተኮሱ በፊት እርስዎ ይንገሩኝ። የተተኮሰ ፈረስ ሁለት ወር ጋሪ አይጎትትም፣ ምናልባትም ከዚያ በኋላ ጭራሽ አይጎትትም።»

በፈረሰኛ ፖሊስ ሃያ ሦስት ዓመት ፈረስ ጠብቄአለሁ። ጃማ ይህን ያውቃል። እጄን የታመመ ሥጋ ላይ ካሳረፍኩ ስድስት ዓመት እንደሆነኝም ያውቃል።

በ2010 ሐምሌ መጨረሻ ከተማው በሁከት ሲታመስ ልጄ ራጉኤል አጥር ዘሎ ሲያመልጥ ቆርቆሮ ቅልጥሙን ሰነጠቀው። ጃማ ሁለታችንንም የእህል መጋዘኑ ውስጥ ደበቀን። ውኃ ስንፈልግ ራጉኤል ግድግዳውን ሁለት ጊዜ በጥፍሩ ይመታል፣ ጃማ ያመጣል። በአራተኛው ቀን እግሩ አበጠ። በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። ሰረጎደ፤ ቀስ ብሎ ሞላ። «ከመተኛት ነው፣ ስትራመድ ይወርዳል» አልኩት። ጃማ ሐኪም ልፈልግ አለ። አያስፈልግም ያልኩት እኔ ነኝ። መንገድ ሲከፈት ራጉኤል በሕይወት አልነበረም።

ተነስቼ ሄድኩ።

ዳማው ግቢው ውስጥ ግንድ ላይ ታስሯል። የጃማ ሚስት ሳጋል ድርቆሽ እየጣለችለት አየችኝ።

«አዴር፣ እርስዎም ዳማውም ከቤት ስለማትወጡ ያበጠ እግራችሁ ተመሳሰለ!»

የኋላ ቀኝ እግሩን ሽቦ የቆረጠው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። ቁስሉ ንጹሕ ነው፤ ጠርዙ እየደረቀ፣ መካከሉ ሮዝ። መግል የለውም። ከቁስሉ በታች እስከ ሰኮናው ድረስ ግን እግሩ ግንድ አክሏል።

«አሳጥረህ ነው ያሰርከው?»

«እንዳይልሰው ብዬ። አሥራ አንድ ቀን።»

መጀመሪያ አቋቋሙን አየሁ። በአራቱም ቆሟል። ከዚያ የእጄን ጀርባ በታመመው እግር፣ ቀጥሎም በደህናው ላይ አደረግኩ። ሁለቱም ቀዝቃዛ ናቸው፤ ያመረቀዘ እግር ይግላል። መጋዘኑ ውስጥ ይህን ማድረግ አልቻልኩም ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ሁሉም ነገር ይፋጃል፤ የራጉኤል አንዱ እግር ከሌላው አይለይም ነበር።

የቀረው በአውራ ጣት መጫን ነው። እጄ አየር ላይ ቆመ።

ዐብዲራሺድ ብረቱን በጆንያ ጠቅልሎ ገባ። «ሽማግሌው፣ ጸሎት ነው ወይስ ምርመራ?»

ተጫንኩ። ሰረጎደ። ፈረሱ እግሩን አልሰበሰበም። ጣቴን ሳነሳ ጉድጓዱ እዚያው ቆየ። አውቀዋለሁ። በየቀኑ አየዋለሁ፤ ጭቃ ላይ፣ ሊጥ ላይ፣ በራሴ እግር ላይ።

«ምንድን ነው?» አለ ጃማ።

«ጣት ብቻውን አይበቃም። ይራመድ። ከወረደ ከመቆም ነው። ካልወረደ ወይም ካነከሰ ሌላ ነው።»

«ዋላሂ፣ እስኪራመድ ብረቴ ሊዝግ ነው!» አለ ዐብዲራሺድ።

ድንጋይ የሌለበት መንገድ በሰፈሩ አንድ ብቻ ነው። በመጋዘኑ በኩል ያልፋል። ስድስት ዓመት ዞሬ ስሄድ ኖሬያለሁ።

«እኔ ልውሰደው» አለ ጃማ፣ ወደ መሬት እያየ።

«አረማመዱን ማየት ያለብኝ እኔ ነኝ።» ገመዱን ፈታሁ።

በመጀመሪያው ዙር የመጋዘኑ በር ተዘግቶ ነበር። ፈረሱ አላነከሰም። እኔም ወደዚያ አላየሁም። በሁለተኛው ዙር ቆርቆሮው ጮኸ። ሁለት ጊዜ። ፀሐይ ሲመታው ቆርቆሮ ይጮኻል፤ አውቃለሁ። ግን የዳማው ጆሮ ወደ ግድግዳው ዞረ። ቆመ። እኔም ቆምኩ። ሦስተኛ አልተሰማም። አንድ ሰው ውኃ እስኪመጣለት ሲጠብቅ እንዲሁ ነው ዝም የሚለው።

«ና» አልኩት። ለማን እንዳልኩ አላውቅም። ፈረሱ ተከተለኝ።

ስምንት ዙር ሄድን። ግቢ ስንመለስ ጃማ ተንበረከከ። እብጠቱ በግማሽ ወርዷል፤ የጠፋው ጅማት ወጥቶ ይታያል።

«አልሐምዱሊላህ!»

ዐብዲራሺድ ጆንያውን አነሳ። «እግሩ ሲወድቅ ጥሩኝ» ብሎ ወጣ።

ሳጋል ሳቀች። ጃማ አልሳቀም። የፈረሱን እግር እንደያዘ፣ ቀና ሳይል፣ «ያኔም ሐኪም ልጥራ ብዬ ነበር» አለኝ።

በስድስት ዓመት አንድ ቀን አንስቶት አያውቅም ነበር።

«ብለህ ነበር» አልኩ።

ዳማው ድርቆሹን ያኝካል።

«አሁን ደውልለት» አልኩ።

«ለማን? ወርዷል እኮ እብጠቱ! ከመቆም ነው አሉ፣ አይደል?»

«ነው። ቢሆንም ሐኪሙ ይስማ። ጣቴን አትመን።»

ጃማ አየኝ። ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ሲጠራ ይሰማኛል፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ሐኪሙ እስኪያነሳ ድረስ ገመዱን ከእጄ አልለቀቅኩም።